«ተሳስቻለሁ» የማለት ዋጋ

አንድ ሰው በሰዎች ፊት ቆሞ «በዚህ ነገር ተሳስቻለሁ» ሲል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁት መቼ ነው? በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ? በእድር ጉባኤ ላይ? ወይስ በጋዜጣ ላይ? እኔ ይህን ራሴን ጠይቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አጣሁ። የሰው ልጅ ተሳሳች መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በቃልም እንመሰክራለን። ይሁንና ያ ተሳሳች የተባለው የሰው ልጅ በስም ተጠርቶ እኔ ወይም አንተ የሆነ ጊዜ ምላሳችን ይታሰራል። ለምን ይሆን?

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በሌላ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ስለ አንድ ሰፈር እድር ሒሳብ ጽፌ ነበር። መዝገቡን አገላብጬ የገንዘብ ጉድለት አገኘሁ፤ ጽሑፉም ወጣ። ገንዘብ ያዡ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ። ስማቸውን ባልጠራም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር። ከሳምንት በኋላ ማስታወሻዬን እንደገና ስመለከት አንዱን የገቢ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መቁጠሬን ተረዳሁ። በእድሩ ሣጥን ውስጥ ጉድለት አልነበረም፤ የጎደለው የእኔ ጥንቃቄ ነበር። ደንግጬ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። «ተወው፣ ሰው ረስቶታል፤ አሁን ብንናገር የጋዜጣው ስም ይጠፋል» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ምክሩ እፎይ አሰኘኝ። በስተመጨረሻ አራት መስመር ማረሚያ በውስጥ ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ወጣች። የእኔ ስም አልነበረባትም። ያነበባት ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ያንን ጊዜ ባስታወስኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ስህተትን ማመን የአንድ ሰው የልብ ጀግንነት ብቻ ነውን? ወይስ ሰውየው የሚኖርበት ማኅበረሰብም ድርሻ አለው? መልሱን ያገኘሁት ብዙዎቻችን ከማናስበው ቦታ ነው፤ ከሒሳባዊ ፊዚክስ ሊቃውንት የዕለት ተዕለት ኑሮ።

ሒሳባዊ የፊዚክስ ሊቅ ምን የሚሠራ ሰው ነው? አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ብዕርና ወረቀት ብቻ ነው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ፕላኔቶች ጉዞ የታወቁትን የተፈጥሮ ሕግጋት ይይዝና «ይህ እውነት ከሆነ የግድ ምን ይከተላል?» እያለ በሒሳብ ይመረምራል። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ጠዋት የጻፈውን ከሰዓት በኋላ ይሰርዛል። እንዲያውም ቀኑ በአብዛኛው የሚያልፈው የራሱን ስህተት ሲፈልግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ዐይን ራሱን አያይምና የራሱን ስህተት ሁሉ ለብቻው ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ሥራውን ለባልንጀሮቹ ይልካል፤ እነርሱም ይመረምሩለታል። ኑሮው ማለት ይኸው ነው፤ መጻፍ፣ መላክ፣ መታረም።

ፈረንሳዊው አንሪ ፖዋንካሬ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሒሳባዊ ፊዚክስ መንበር የያዘ ሊቅ ነበር። የሥራ ልማዱን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት በቀን የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት፣ ደግሞም ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። በዚያ ዘመን የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር 60ኛ የልደት በዓላቸውን ምክንያት በማድረግ የሒሳብ ውድድር አስታወጁ። ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ በመሳሳብ ኃይል የተያያዙ አካላት፣ እንደ ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ ያሉት፣ ጉዟቸው ወደፊት ምን እንደሚሆን በሒሳብ እንዲገለጽ የሚጠይቅ ነበር። ፖዋንካሬ በሦስት አካላት ላይ ያተኮረ ሰፊ ጽሑፍ ላከ። በዘመኑ የታወቁ ሦስት ሊቃውንት መርምረው አጸደቁለት። በጃንዋሪ 1889 ወርቅ ሜዳሊያና 2500 ክሮነር ተሸለመ።

ጽሑፉ ለኅትመት ሲዘጋጅ ፍራግሜን የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት አራሚ አንዳንድ ቦታዎች አልገባ አሉት። ጥያቄውን በጽሑፍ አቀረበ። ፖዋንካሬ ለጥያቄዎቹ መልስ ሲያዘጋጅ ወጣቱ ካመለከተው ቦታ አልፎ በሌላ ክፍል ውስጥ ከባድ ስህተት መኖሩን በገዛ እጁ አገኘ። ዳኞቹ ያላዩት፣ ንጉሡ የሸለሙት ሥራ ልቡ ላይ ተሰንጥቆ ነበር!

እስቲ ራሳችንን በቦታው እናስቀምጥ። ሽልማቱ ተቀብሏል፤ ዝናው ወጥቷል፤ ስህተቱን ከእርሱ በቀር ያየ የለም። ፖዋንካሬ ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ለሚታግ ሌፍለር ነገሩን ሳይደብቅ ጻፈ። አስቀድሞ የታተመው ተሰበሰበ። የዚያን የከሸፈ ኅትመት ወጪ 3585 ክሮነር ፖዋንካሬ ከኪሱ ከፈለ፤ ከሽልማቱ 1085 ክሮነር የሚበልጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያም ተቀምጦ ሥራውን እንደ አዲስ ጻፈ። በ1890 በታተመው ሥራ መግቢያ ላይም ፍራግሜንን በስም ጠቅሶ ስህተቱን እንዲያገኝ ስለረዳው አመሰገነ።

የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ስህተቱ ሲታረም ከሥሩ ማንም ያላሰበው ነገር ብቅ አለ። ሦስት አካላት ብቻ ቢሆኑም እንኳ ጉዟቸው እጅግ ሊወሳሰብ እንደሚችል፣ መነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት መድረሻው ላይ እጅግ ሰፊ ልዩነት ልታመጣ እንደምትችል ታወቀ። ዛሬ የአየር ጠባይን ለብዙ ሳምንታት አስቀድሞ በዝርዝር መተንበይ ለምን እንደሚያስቸግር የሚያስረዳው የዕውቀት ዘርፍ አንዱ ሥር ከዚያ ከተሰረዘ ገጽ ላይ ነው። ስህተቱ ቢደበቅ ኖሮ ይህም አብሮ ይደበቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ካይሮ እንሂድ። ኢብኑል ሀይሰም በስራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ የተወለደ፣ የብርሃንን ጠባይ በሒሳብና በሙከራ የመረመረ ታላቅ ሊቅ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ያለፈው የታሪክ ጸሐፊ ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው፣ ይህ ሊቅ ግብፅ ቢሄድ የዐባይን ሙላትና ጉድለት ለሰው እንዲጠቅም አድርጎ መግራት እንደሚችል ተናገረ። ወሬው የግብፁ ገዥ አል-ሐኪም ዘንድ ደረሰና ተጠራ፤ ገንዘብና ሠራተኞችም ተሰጡት። ወደ ደቡብ ተጉዞ አስዋን አጠገብ ደረሰ። በመንገዱ የጥንት ሰዎች የሠሯቸውን ግዙፍ ሕንፃዎች ሲያይ «ይህን የሠሩ ሰዎች ዐባይን መግራት ቢቻል ኖሮ አይተውትም ነበር» የሚል ሐሳብ አደረበት። ስፍራውን ሲመለከትም ያሰበው እንደማይሆን ተረዳ። ከሀገራችን ከፍታዎች የሚነሣውን ያን ጎርፍ በዚያ ዘመን አቅም ማቆም የሚቻል አልነበረም። አስዋን ላይ ታላቁ ግድብ የተጠናቀቀው ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1970 ነው።

ኢብኑል ሀይሰም ተመልሶ ለገዥው እውነቱን ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቀ። አል-ሐኪም በአፉ ይቅርታውን ተቀብሎ ሥራም ሰጠው። ነገር ግን ገዥው ዛሬ ያከበረውን ነገ የሚገድል፣ ጠባዩ የማይታወቅ ሰው ነበር። ሊቁ ፈራ። ለነፍሱ ሲል እብድ መሰለ። ንብረቱ ተወሰደ፤ በቤቱም ተዘጋበት። አል-ሐኪም በ1021 እስኪያልፍ ድረስ እንዲሁ ኖረ። ከዚያም በአል-አዝሃር መስጊድ በር አጠገብ ተቀምጦ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን በእጁ እየገለበጠ በዓመት በሚያገኘው 150 ዲናር ይተዳደር ነበር ይባላል። በበጥሊሞስ ላይ ባነሳቸው ጥርጣሬዎች መጽሐፉ ውስጥ እውነትን የሚሻ ሰው የሚያነበውን ሁሉ እንዲመረምር፣ ራሱንም ጭምር እንዲጠረጥር ያስተማረው ይኸው ሊቅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ሁለቱን ሰዎች አስተያዩ። ሁለቱም ተሳሳቱ፤ ሁለቱም አመኑ። በእውነተኛነት አንዱ ከሌላው የሚያንስ አይመስለኝም። አንደኛው ግን ወዳጆቹ መሀል አመነና ሥራውን ቀጠለ፤ ሌላው ጎራዴ ፊት አመነና እብድ ለመምሰል ተገደደ። ልዩነቱ ከልባቸው የመጣ አይደለም፤ ከሰሚዎቻቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ የፖዋንካሬ ማኅበርም ፍጹም አልነበረም። ሚታግ ሌፍለር የመጽሔቱን ክብር ፈርቶ የተሰራጩትን ቅጂዎች በዘዴ ነበር የሰበሰበው። ታሪኩ በዝርዝር የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የሊቃውንቱ ልማድ እየተሻሻለ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ሆኖ ሊቃውንት ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር መረብ አማካይነት በነፃ የሚለዋወጡበትን መዝገብ ጀመረ። ዛሬ አርካይቭ ይባላል፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ይዟል፤ ሒሳባዊ ፊዚክስም የራሱ ክፍል አለው። ጠዋት ተነሥቶ በዚያ ክፍል የወጡትን አዳዲስ ጽሑፎች መመልከት ለብዙ ሊቃውንት እንደ ቁርስ ያለ የዕለት ልማድ ነው። የዚህ መዝገብ አንድ ሥርዓት በተለይ ይማርከኛል። ጸሐፊው ስህተት ቢያገኝ የታረመውን ያስገባል፤ ወይም ጽሑፉን ማንሣቱን ከነምክንያቱ ያስታውቃል። የቀድሞው ጽሑፍ ግን አይጠፋም፤ ከታረመው ጎን ለሁሉም እየታየ ይቀመጣል። ስህተቱም እርማቱም እኩል አደባባይ ላይ ናቸው። የእኔ ማረሚያ ግን አራት መስመር፣ በደቃቅ ፊደል!

«እንግዲያው ስህተት ርካሽ ይሁን ነው የምትለው? ሰው ሁሉ እየተሳሳተ ይቅርታ እያለ ይኑር?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፖዋንካሬ እኮ 3585 ክሮነር ከፍሏል! እኔም የስህተትን ዋጋ ይቅር አላልኩም። የምለው የስህተት ዋጋና የማመን ዋጋ አይምታቱ ነው። እኛ ዘንድ የደበቀው ሰው ምንም አይከፍልም፤ ያመነው ግን ሁሉን ይከፍላል። በመሥሪያ ቤት ስህተቱን ያመነ ሠራተኛ ለዓመታት መተረቻ ይሆናል፤ የደበቀው ደግሞ እድገት ያገኛል። በቤታችንም ሰሃን ሰበርኩ ብሎ የመጣውን ልጅ እንገርፋለን፤ ስባሪውን የቀበረው ያመልጣል። እንዲህ ካስተማርን በኋላ ሐቀኛ ሰው ጠፋ ብለን ማማረራችን ራሱ አስገራሚ ነው።

ደግሞስ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጣጥሮ ፍርዱን ያገኘ ዳኛ ሁለት ምንዳ፣ ተጣጥሮ የተሳሳተውም አንድ ምንዳ እንዳለው አስተምረውናል። ሊቃውንቶቻችን ከዚህ ተነሥተው እርስ በርስ በነፃነት ተራርመዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ስለ መህር መጠን ሲናገሩ አንዲት ሴት ከጉባኤው መሀል ተነሥታ እንደተቃወመቻቸው፣ እርሳቸውም ሴትየዋ ትክክል መሆኗን፣ የተሳሳቱት እርሳቸው መሆናቸውን እንደተናገሩ ሲተረክ ኖሯል። ይህን ስንሰማ የምናደንቀው ዑመርን ነው፤ ይገባልም። ጉባኤውን ግን እንረሳለን። ማንም አልሳቀባቸውም፤ ማንም «ደከሙ» አላለም፤ ሴትየዋም በሰላም ወደ ቤቷ ገባች። ያንን የመሰለ ጉባኤ ከሌለ ያንን የመሰለ መሪ ከየት ይመጣል?

ይህን ስል የራሴን ድርሻ በሌላው ላይ ለመጣል አይደለም። አለቃዬ ቢመክረኝም እፎይ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ቆይቼ ወደ ሐጂ ቤት ሄድኩ። የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ በፈቃዳቸው ለቀው ነበር። ደረሰኙን ሁለት ጊዜ መቁጠሬን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ቡና አስፈሉልኝ። ከዚያም «ልጄ፣ እኔስ አውፍ ብዬሃለሁ። ግን ያ ጋዜጣ የገባበት ቤት ሁሉ ይህ ቃልህ ይገባል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስማቸው ዳግመኛ በጋዜጣ እንዳይነሣም አደራ አሉኝ።

አደራቸውን ጠብቄ ስማቸውን አልጠራሁም። ይህ ጽሑፍም በዚያ ሁሉ ቤት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ግን በደቃቅ ፊደል አልወጣም፤ ስሜም አለበት። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ነገ አንድ ሰው፣ ልጃችሁ ይሁን ባልደረባችሁ፣ ወደ እናንተ መጥቶ «ተሳስቻለሁ» ሲል ከመናገራችሁ በፊት ፊታችሁን ተጠንቀቁ። ያ ሰው ሁለተኛ እውነት መናገሩና አለመናገሩ የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ፊታችሁ ላይ በሚያነበው ነገር ነው።

ወሏሁ አዕለም።