ታዲያ ማን ነበር የሚነዳው?

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም፣ እናቴ ቤት፣ ሁለት ወር ያህል ተቀመጥኩ። መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ኢንተርኔት ይሄዳል፣ ብዙም አይመጣም፤ ሰዓቱን የሚያከብረው ዝናቡ ብቻ ነው። የ12 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ «ሰለቸኝ» እያለ ጧት ማታ ሲነዘንዘኝ በላፕቶፔ አንድ ትንሽ የጠፈር ውጊያ ጌም ሠራሁለት። ሁለት መርከቦች፣ መሐል ላይ አንድ ኮከብ፣ አንድ ኪቦርድ ለሁለት ሰው። እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነ ከተማ ቁጭ ብለን ስንተኳኮስ እንውላለን።

ሐሳቡ የራሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ውስጥ፣ ፒዲፒ-1 በሚባል ኮምፒውተር ላይ የሠሩት ስፔስዋር የሚባል ጌም አለ። ከመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጌሞች አንዱ ነው፤ ምሕረት ግን አያውቅም። ሞተሩን ስትለኩስ መርከቧ ትሄዳለች፤ ሞተሩን ስታጠፋ አትቆምም። አየር የለማ! የሚይዛት ነገር እስከሌለ ድረስ በያዘችው ፍጥነት፣ በያዘችው አቅጣጫ ትነጉዳለች። ለማቆም ከፈለግህ አፍንጫዋን ወደ ኋላ አዙረህ የገፋኸውን ያህል መልሰህ መግፋት አለብህ። መታጠፍም እንደዚያው ነው፤ አፍንጫዋ ዞረ ማለት መንገዷ ዞረ ማለት አይደለም።

እኔም እንደዚያው አድርጌ ሠራሁት። የመጀመሪያው ቀን ወንድሜ ኮከቡ ውስጥ ሲገባ ዋለ። አንድም ጊዜ በእኔ ጥይት አልሞተም፤ እኔ ጋ ሳይደርስ ነው የሚያልቅለት። ወደ ማታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «መርከቧ አትሰማኝም» አለኝ።

እሱ ሲተኛ አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ፤ ለግራው መርከብ ብቻ። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲለቅ የመርከቧ ፍጥነት በ0.97 ይባዛል። ቁጥሩ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ጌሙ ግን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያሰላል፤ ስለዚህ ቁልፉ ተለቅቆ አንድ ሴኮንድ ሲሞላ ከፍጥነቱ የሚቀረው 16 በመቶ ገደማ ነው። ባጭሩ፣ አየር በሌለበት ጠፈር ውስጥ ለወንድሜ ብቻ አየር ሞላሁለት።

አልነገርኩትም።

በማግሥቱ መርከቧ ሰማችው። በሦስተኛው ቀን አሸነፈኝ። «ጋሼ፣ ለመድኳት እኮ!» እያለ ቤቱን ሲዞረው እናቴ ከማድቤት ወጥታ ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ። ማንን ጎዳሁ?

መልሱ የመጣው በቡሄ ዕለት ነው። የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው፣ ሙልሙላቸውን ይዘው፣ ዝናብ ሲያስጠልሉ ቤታችን ገቡ። ወንድሜ ጉራውን ቀደም ብሎ ስለነዛ «እስቲ አሳየን» አሉት። ከእሱ ትንሽ ከፍ የሚል ልጅ ቀደም ብሎ በግራ በኩል ተቀመጠ። ወንድሜ በቀኝ። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። የቀኟ መርከብ አየር የላትም። ወንድሜ ቁልፉን ለቅቆ እንድትቆም ይጠብቃል፤ እሷ ትነጉዳለች። አምስት ጊዜ ተሸነፈ። «አንደኛ ነኝ ያልከው አንተ ነህ?» እያሉ ሳቁበት። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። በዚያ ሰዓት አንድ ቃል መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

ማታ ነገርኩት። ይናደዳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚነዳው?»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ለራሴ ጥብቅና ልቁም ካልኩ፣ እኔ ያደረግኩት ጌም ሠሪዎች ሁሉ የሚያደርጉትን ነው። የጠፈር ውጊያ ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው እንደ ተዋጊ ጄት የሚታጠፍ መርከብ ነው። ምክንያት አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ስታር ዋርስ ሲሠራ ጆርጅ ሉካስ ለውጊያዎቹ ሞዴል አድርጎ የተጠቀመው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የአየር ላይ ውጊያ ፊልሞች ነበር። በ1984 የወጣው ኢላይት የሚባለው ጌምም መርከቡን እንደ አውሮፕላን ነው ያስነዳ የነበረው። ተከታዩ ፍሮንቲየር በ1993 እውነተኛውን የኒውተን ሕግ ይዞ ሲመጣ፣ ውጊያው ሁለት ጋላቢዎች እየተላለፉ የሚወራወሩበት የጉግስ ጨዋታ ሆነ። የወደዱት አሉ፤ ብዙዎች ግን መርከቡን መያዝ አቃታቸው።

በ2014 ኢላይት ዴንጀረስ ሲወጣ ታዲያ አስታራቂ መንገድ ተገኘ። ኮምፒውተሩ መንሸራተቱን በትንንሽ ሞተሮች እያረመ መርከቡን ይይዝልሃል፤ ካልፈለግህ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ታጠፋዋለህ። ስታጠፋው መርከቡ ዱር ይሆናል፤ ግን ወደፊት እየነጎድክ አፍንጫህን ወደ ኋላ አዙረህ የሚያሳድድህን መተኮስ ትችላለህ። እርዳታውም ስም አለው፣ ቁልፍም አለው። የእኔው አንድ መስመር ኮድ ሁለቱም አልነበረውም።

ልዩነቱ ይሄ ይመስለኛል። ልጅ ሳለሁ ቡሬ አጠገብ አጎቴ እርሻ ሊያስተምረኝ ከጥማዱ ኋላ አቆመኝ። እርፉን ሲጫኑት ማረሻው ጠልቆ ይገባል፤ ሲያቀሉት ይንሳፈፋል፤ መሐሉን ማግኘት ነው ጥበቡ። እጄ አልቻለም። አጎቴ ያንን ሻካራ እጁን እጄ ላይ ደረበና አብረን አረስን። ትልሙ ቀጥ አለ። እኔ ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ የኔ ትልም ነው ብዬ አላሰብኩም፤ የእጁ ክብደት እጄ ላይ ነበራ! ቀስ በቀስ አቀለለውና አንድ ጊዜ «በል፣ ለቅቄያለሁ» አለኝ። ወዲያው ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ። አላፈርኩም። የተጠማዘዘው ትልም የኔ መሆኑን አውቅ ነበር።

አጎቴም ረድቶኛል፣ እኔም ወንድሜን ረድቻለሁ። የአጎቴ እጅ ግን ክብደት ነበረው። የእኔ እጅ አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ልጁ የራሱ እጅ መሰለው።

«ጌም ነው እኮ፣ ምን አካበድከው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ የልጅ ጨዋታ ነው፤ የሰው ሕይወት ከጠፋበት ነገር ጋር እኩል ላስቀምጠው አልደፍርም። ጥያቄው ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ልዝለለው አልቻልኩም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ቦይንግ 737 ማክስ ላይ ኤምካስ የሚባል ሥርዓት ነበር። አዲሱ አውሮፕላን ለአብራሪው እጅ እንደ ድሮው 737 እንዲሰማው ነው የተገጠመው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ራሱ ወደ ታች ይገፋል፤ የሚያምነውም አንዲት ሴንሰርን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በጥቅምት ወር 189 ሰው ይዞ ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ የገባው አውሮፕላን አብራሪዎች፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩ በመመሪያቸው ላይ እንኳ አልተጻፈላቸውም። የእኛዎቹ አብራሪዎች ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የወጣው ማሳሰቢያ ደርሷቸው ነበር፤ ግን ሴንሰሯ ስትዋሽ መሪው ላይ ሁለተኛ እጅ ነበረ፣ ያ እጅ ደግሞ እንቢ አለ።

አውቶማቲክ ነገር ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የዛሬ በረራ ያለ ኮምፒውተር እርዳታ የሚታሰብ አይደለም፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ጀማሪም እርዳታ ይገባዋል፤ ወንድሜን ያለ ምንም እርዳታ ብተወው ኖሮ በሁለተኛው ቀን ላፕቶፑን ዘግቶ ይሄድ ነበር። የምለው ሌላ ነው፦ የሰው መሪ ላይ እጅህን ስታሳርፍ እጅህ እንዳለ ንገረው፤ አንሣልኝ ሲልህም የምታነሣበት መንገድ ይኑር። ሳትነግረው ብታግዘው የወሰድክበት ነገር አለ፤ ስሕተቱንም ድሉንም የራሱ የማድረግ መብቱን ነው የወሰድክበት።

ሌላም የወሰድኩበት ነገር ነበር፤ እሱን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ከቡሄ በኋላ ያንን መስመር አላጠፋሁትም። በኪቦርዱ ላይ ቁልፍ ሰጠሁት፤ ሲበራ ስክሪኑ ጥግ ላይ «እገዛ» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ለሁለቱም መርከቦች። ወንድሜ መጀመሪያ አብርቶ ተጫወተ። ከዚያ ለአንድ ዙር አጠፋው፤ ከዚያ ለሁለት። ኮከቡ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ተሳደበ፣ እንደገና ጀመረ።

ወደ መስከረም ገደማ አንድ ምሽት በኮከቡ ዙሪያ እያሳደድኩት ነበር። ሞተሩን አጠፋ። የተሸነፈ መስሎኝ ተጠጋሁት። እየነጎደ፣ ቀስ ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረና ፊት ለፊት ተኮሰ። መርከቤ ተበተነች። ስክሪኑ ጥግ ላይ «እገዛ» የሚል ጽሑፍ አልነበረም።

ይጨፍራል ብዬ ጠበቅኩ። አልጨፈረም። ዞሮ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ አሁንስ ምን ደብቀሃል?»

«ምንም።»

«ማልልኝ።»

መማል አልፈለግኩም፤ መሐላዬ ምን ዋጋ አለው? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ በረራ ሲመልስ፣ የራሱ የቦርድ ሰብሳቢና ኃላፊዎቹ ተሳፍረውበት ነበር። ገብቶኛል። አንዴ የማይታይ እጅ ከተገኘ በኋላ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ኮዱን ከፈትኩለት። እያንዳንዱን መስመር እያነበብኩ፣ ይህ ሞተሩ፣ ይህ ስበቱ፣ ይህ ጥይቱ እያልኩ አስረዳሁት። መጨረሻው ድረስ ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ ወደ ላይ መለሰውና ብቻውን እንደገና ማንበብ ጀመረ።