ግራም ሲፈርድ

ዳኛ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰውን ከሰው፣ ጥፋትን ከጥፋት ለይቶ እንዲያይ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ወንጀል ቢቀርቡለት፣ አንደኛውን ችግር ገፍቶት፣ ሁለተኛውን ስስት አናውዞት እንደሆነ መዝኖ ለየራሳቸው የሚገባቸውን ይሰጣል። ታዲያ መመዘኑን ከእሱ ነጥቀን ለሱቅ ሚዛን ብናስረክበው ፍርዱ ፍርድ ይባላል ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

በሰኔ 1986 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ሌን ባያስ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በኮኬይን ምክንያት ሞተ። አገሩ ተንጫጫ፤ ምርጫም ደርሶ ነበር። ኮንግሬሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕግ አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ሬጋንም በጥቅምት ፈረሙበት። በዚህ ሕግ 500 ግራም የኮኬይን ዱቄት ለሽያጭ የያዘ ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰራል። ክራክ ከሆነ ግን 5 ግራም ይበቃል። አምስት ግራም ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እምብዛም አይበልጥም። ክራክ ደግሞ ሌላ ጉድ አይደለም፤ ያው ዱቄቱ ነው፣ ከሶዳ ጋር ፈልቶ የደረቀ። ልዩነቱ ገዢው ላይ ነው፦ ዱቄቱን ኪሱ የሞላ፣ ክራኩን የድሀ ሰፈር ልጅ ይገዛዋል። በ2006 በክራክ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው መካከል ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ።

እርግጥ ሕጉን የደገፉት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ሰፈራቸው በክራክ የነደደባቸው ጥቁር እንደራሴዎችም ነበሩበት። ደግሞም ለአንድ ዓይነት ጥፋት አንዱ ዳኛ አንድ ዓመት፣ ሌላው አሥር ዓመት ሲፈርድ ዝም ይባል ወይ የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ቁጥር አያዳላም ተባለ።

ቁጥር ግን ብቻውን ፍርድ ቤት አይቀርብም። በየትኛው አንቀጽ እንደሚከሰስ የሚወስን ሰው አለ፤ እሱም ዐቃቤ ሕጉ ነው። ከዳኛው የተነጠቀው ሥልጣን በኖ አልጠፋም፣ ወደዚያ ጠረጴዛ ተሻገረ እንጂ። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ አለዚያ የድሮ ጥፋትህን ቆጥሬ 5ቱን ዓመት 10፣ 10ሩን 15 አስደርገዋለሁ» ማለት ይችላል። ይህን ሰምቶ «የለም፣ እከራከራለሁ» የሚል ስንት ነው? በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚፈረድባቸው ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ያለ ሙግት፣ አምነው የሚቀጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን ይህ ነው፦ ከተወሰነው ዝቅተኛ ቅጣት ማምለጫው ዋና በር ሌሎችን ማጋለጥ ነው። (በ1994 ለጀማሪ ጥፋተኞች ሌላ ጠባብ በር ተከፍቷል።) አለቃው የሚያጋልጠው ሞልቶታል፤ ስም ይሸጥና ይቀልለታል። ዕቃ አመላላሹ ጎረምሳ ማንን ያውቃል? አለቃውንም ቢሆን በቅጽል ስሙ ነው የሚያውቀው።

ዳኞቹስ? በ1990 ሎውረንስ አርቪንግ የተባሉ የሳንዲያጎ ዳኛ የቅጣቱን ሥርዓት ተቃውመው ወንበራቸውን ለቀቁ። በ1993 ጃክ ዋይንስታይንና ዊትማን ናፕ የተባሉ አንጋፋ የኒውዮርክ ዳኞች የዕፅ መዝገብ አናይም አሉ። እዚህ ላይ እርስ በርሳችን ተፋጠናል። አንዳንዶቻችን «ኅሊናውን ያልሸጠ ጎበዝ!» አልን። ሌሎቻችን ይህ እንደ ጲላጦስ እጅ መታጠብ ነው፣ መዝገቡ እንደሆነ ለሌላ ዳኛ ይመራል፣ ተከሳሹም የሚራራለት ሰው ቀረበት አልን። ለኛ የሚሻለው ቆይቶ፣ «ይህ ግፍ ነው» የሚለውን ቃል በውሳኔው ላይ በግልጽ ማስፈር ይመስለናል። ኅሊናን የሚከነክን ሥራ መሆኑ ግን አይካድም።

ወደሚነካን እንምጣ። አወዳይ ላይ ጫት በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። ያው እስር አሜሪካ ሲገባ ወንጀል ነው፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ሰፍሯል። ቅጠሉ ሲሰነብት ግን ካቲኖኑ ቀለል ባለ መደብ ወዳለ ሌላ ነገር ይለወጣል። እንግዲህ ክሱ የሚከብደው ጫቱ ትኩስ ሲሆን ነው! የለንደን ባለሱቅም እስከ ሰኔ 2014 ድረስ በሕግ ሲሸጥ ኖሮ በአንድ ሌሊት ወንጀለኛ ሆነ። ጫት አይጎዳም ማለታችን አይደለም፤ በምርቃና አድሮ ፈተና የወደቀ ጓደኛ የሌለው ማን አለ?

በ2010 አሜሪካኖች 100 ለ1 የነበረውን 18 ለ1 አደረጉት። ቀድሞ የተፈረደባቸውን ግን አላካተተም፤ እነሱ እስከ ታኅሣሥ 2018 ጠበቁ። ለምን 18 ሆነ? የኬሚስትሪ ተማሪ ብንጠይቅ መልስ የለውም፤ ቁጥሩ የተገኘው በእንደራሴዎች ድርድር ነው። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱ 1 ለ1 ይሁን ብሎ አጸደቀ፤ ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀረ።