እኛ ያልሰማነው ድምፅ

ሰው እርሱ ራሱ ያልተሰማውን የባልንጀራውን ሕመም አምኖ የመቀበል ግዴታ አለበትን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ኅሊናችንን በብርቱ የሚመረምር ነው።

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ እንዲሰማ ሆኖ ተፈጥሯል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ግን እጅግ ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ኃይላችን ይቀንሳል። ይህን ልዩነት መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ፣ በዌልስ ምድር፣ «ሞስኪቶ» ማለትም ትንኝ የተባለ መሣሪያ ወጣ። በሰከንድ 17,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ የሚወጋ ድምፅ እያሰማ ወጣቶችን ከሱቅ ደጃፍ ያባርራል። ጎልማሳው ባለ ሱቅ ግን አይሰማውም። በእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃን ቢሰማው እንኳ ሸሽቶ መሄድም ሆነ መናገር አይችልም፤ እናቱም ለምን እንደሚያለቅስ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ መሣሪያው እንዲከለከል የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል።

ነገሩ ሆን ተብሎ በሚደረገው ብቻ አያበቃም። የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ሌይተን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ ባቡር ጣቢያና ቤተ መጻሕፍት ባሉ የሕዝብ ቦታዎች ብዙዎች የማይሰሟቸው እንዲህ ያሉ ድምፆች መኖራቸውን አመልክተዋል። አንዳንድ የድምፅ ማጉያዎች መስመራቸው ደኅና መሆኑን ለመፈተሽ ሲሉ ይለቁታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጆሮ ጩኸት ደረሰብን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የደኅንነቱ መመዘኛ ግን በአብዛኛው የተወሰደው ከጎልማሳ ሠራተኞች ነው። ሕፃኑን ማንም አልጠየቀውም።

እርግጥ ነው፣ አቤቱታ ሁሉ እውነት ነው አንልም፤ ሰው በፍርሃትም ይታመማል። ስለዚህ መመርመር ተገቢ ነው። «እኔ አልሰማሁምና የለም» ማለት ግን ምርመራ ሳይሆን የራስን ጆሮ የእውነት ሚዛን ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ብላቴናው ሳሙኤል ድምፅ ሰምቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። ሽማግሌው ካህን ምንም አልሰማም ነበርና ሁለት ጊዜ ተመልሶ እንዲተኛ አዘዘው። በሦስተኛው ግን እርሱ ያልሰማውን ብላቴናው እንደ ሰማ አስተዋለ። ዐይኖቹ የፈዘዙት ዔሊ ያን ሌሊት ከሁሉ ይልቅ ያየው በዚህ ነበር።

የተወደዳችሁ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ልጅ ጆሮውን ይዞ ሲያማርር «ምንም የለም» ከማለታችን በፊት ቀረብ ብለን እንጠይቀው። የማይሰማንን ሕመም የሚነግሩንን የምናደምጥበት ልብ እግዚአብሔር ይስጠን።