በርሽ ላይ የምትሰቅዪው ምልክት

ልጄ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ኬኔሶ ከተማ ላይ ለወጣቶች የምክር አገልግሎት ቢሮ ልትከፍቺ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዲዛይነሩ የላከልሽን ሦስት ዓርማዎችም አየኋቸው። «ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?» ብለሽኛልና ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ሦስቱንም አልወደድኳቸውም።

መጀመሪያ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ትምህርቱንስ ጨርሰሻል፤ ጆርጂያ ውስጥ ግን ፈቃዱ ደረጃ አለው። ገና በተቆጣጣሪ ባለሙያ ሥር ያለ አማካሪ ሙሉ ፈቃድ እንዳለው አድርጎ ራሱን ማስተዋወቅ አይችልም። ከስምሽ ሥር የሚጻፈው ማዕረግ ፈቃድሽ ላይ ያለው ብቻ ይሁን። የድርጅቱንም ስም ሌላ ሰው እንዳልያዘው ሳታጣሪ ወደ ማተሚያ ቤት እንዳትሄጂ፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶች። መልአክ ያወጣውንም ግን የሰው ፍርሃት ያበላሸዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገራችን በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ስንቱን አክሞ ለቤቱ አብቅቷል፤ የተጠራውም በጌታ ስም ነው። እኛ ግን «አማኑኤል ይወሰድ» እያልን መሰዳደቢያ አደረግነው። በአንጻሩ ዚምባብዌን ተመልከቺ። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ የተጨነቀ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ የልቡን እንዲያወራ። «የአእምሮ ጤና ወንበር» ሲባል ሰው ሸሸው፤ «የወዳጅነት ወንበር» ሲባል መጣ። ያዳነው ግን ስሙ ብቻ አይደለም። አያቶቹ ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹ የጭንቀትና የድብርት ምልክት መቀነሱን አሳይቷል።

አሁን ወደ ዓርማዎቹ። አንደኛው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ያቀረቀረ ልጅ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሥዕል በተለጠፈበት በር ጓደኞቹ እያዩት ይገባል? እኔ እሱን ብሆን አልገባም። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ባንዲራውን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አገር በባንዲራ ስንት ቤተሰብ እንደተቀያየመ አንቺም ታውቂያለሽ። የኤርትራዊውም፣ የትግሬውም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም ልጅ ሊመጣልሽ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ደጃፍሽ ላይ ማንም ወገን መምረጥ የለበትም። ሦስተኛው የኬኔሶ ተራራ ነው። ውብ ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1864 ብዙ ሺህ ወታደር የሞተበትና የቆሰለበት የጦር ሜዳ ነው። ከጦርነት የሸሹ ወላጆች ልጆችን ለምትቀበይ ሌላ ሥዕል ፈልጊ።

ከሥዕሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሰው ጆርጂያ ውስጥ ማሪዬታም ይኑር ክላርክስተን፣ ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ መገናኘቱ አይቀርም፤ አንዱ የሌላውን መኪና በታርጋው ያውቀዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምንለው እውነት ነው፤ ልጁ የሚገልጠው ግን ለአንቺ እንጂ ለመንደሩ አይደለም። ስለዚህ በሕንፃው ላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ ከጥርስ ሐኪሙና ከሒሳብ ሠራተኛው ጽሑፍ ጎልቶ አይጩህ። ልጁ ትምህርት ክፍል ውስጥ እያለ የቀጠሮ ማስታወሻ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ምን ያነባል? በፖስታው ጀርባስ ምን ታትሟል? አባትየው በካርድ ሲከፍል የባንክ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም የትኛው ነው? ዲዛይነሩ ስለ ቀለም ብዙ ነግሮሻል፤ እነዚህን ግን አልጠየቀሽም። አንቺ ጠይቂው።

ጽሑፉን በሁለቱም ቋንቋ አድርጊው። እንግሊዝኛው ለልጁ፣ አማርኛው ለእናቱ ነው። ፊደላችን ከሥር ተጨንቆ በትንንሹ አይጻፍ፤ እናት መነጽሯን ሳትፈልግ ታንብበው።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውን ተረት በዚህ ነገር አልቀበለውም። ስለ ወጣት የሚያውቀው ራሱ ወጣቱ ነው፤ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው ሄድስፔስ የተባለው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ከ12 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚሠራ ነው፤ ወጣቶቹንም አማካሪ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። አንቺም የኬኔሶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጠገብሽ አሉ። ሰብስበሽ ቡና አፍይላቸውና ንድፉን አሳዪያቸው፤ ሲስቁበት ዝም ብለሽ ስሚ። የምታክሚያቸውን ልጆች ግን ለዚህ አትጥሪ። ምስክርነት ስጡኝ ብለሽም አትለምኛቸው፤ የሙያው ሥነ ምግባር ይከለክላል፤ ባይከለክልም ነውር ነው። ፎቶአቸው ኢንስታግራም ላይ አይውጣ።

አንድ ነገር ግን ዓርማው እስኪያልቅ አይጠብቅ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው 988 ደውሎ ወይም የጽሑፍ መልእክት ልኮ እርዳታ ያገኛል። ይህን ቁጥር በድረ ገጽሽ ላይና በበርሽ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስጽፊው፤ ቢሮሽ በተዘጋበት ሌሊት የሚመጣም ልጅ አለ።