አለቃን ከቀልዳቸው መለየት

አለቃ ገብረ ሐና በእርግጥ ኖረዋል ወይ? ሰፈራችን ሹም አቦ ተቀምጦ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። ሰውየው የጎረቤታችን የፎገራ ልጅ ናቸው፤ ዛሬ ሩዝ የሚታጨድበት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጣና እየሞላ የሚያስቸግረው ያ ሜዳ አገራቸው ነው። መኖራቸውንማ እኔም አልክድም። ያጠራጠረኝ የምናስታውሳቸው ገብረ ሐና ራሳቸው መሆናቸው ነው። ለሳቅ ብለን ቀስ በቀስ የሠራነው ሌላ ሰው ቢሆንስ?

ጥርጣሬው ሥራ ፈትነት እንዳይመስል አንድ ነገር ላንሳ። ከዚሁ ሐይቅ በላይ፣ እንፍራንዝ ኖረ የሚባለው ባለ ሐተታው ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ መኖር አለመኖሩ ምሁራንን ማከራከር ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። መጠራጠርን ያስተማረን ሰው ራሱ ከተጠረጠረ የአለቃ ቀልድ የማይጠረጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ሰፈር ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሐዘኑ ላላ ሲል፣ ድንኳኑ ጥግ ካርታ ከያዙት መካከል አንዱ «አለቃ ገብረ ሐና አሉ» ብሎ መጀመሩ አይቀርም። አለቃ አሉ የተባለውን ሁሉ እየያዝኩ በወንፊት ልነፋው ተነሣሁ። መጀመሪያ የቀረበልኝ የወጡ ነገር ነው። ወጡ ከመቅጠኑ የተነሣ አንዲት የአተር ፍሬ ብቻዋን ስትንሳፈፍ አይተው አለቃ ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ ምነው ቢባሉ «ገብቼ ላውጣት» አሉ ይባላል። ያስቃል። ግን ስሙን ለውጠው ለቱርኮቹ ነስረዲን ሆጃ ቢሰጡት፣ ወይም ለዐረቦቹ ጁሐ፣ ልክ እንደ ራሱ አድርጎ ይቀበለዋል። ቀጭን ወጥ የሌለበት አገር የለም። ስለዚህ ይህ ወደቀ።

ሁለተኛው የአህያው ነው። አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ ሲመጣ አለቃ «እንደምን ዋላችሁ» ይሉታል። ሰውየው ብቻውን ነው፤ ሰላምታው ግን ለሁለት ነው። ይህ እንኳ እንደ ወጡ የትም አይሄድም፤ በሰላምታው አንዱን ከብዙ የሚለይ ቋንቋ ይፈልጋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቋንቋ አማርኛ ብቻ አይደለም፤ አማርኛ ቢሆንም የአለቃ አያደርገውም። አማርኛ የሚናገር ተረበኛ ሁሉ ሊለው ይችላል። (ገበሬው የሳቀ አይመስለኝም፤ ይህን ቀልድ ሲያዞሩ የኖሩትም አህያ የሚነዱት ሳይሆኑ ደብተሮቹ ይመስሉኛል።) እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስነፋው ወንፊቱ ላይ ምንም አልቀረም።

ቀልዱ ሁሉ ከሄደ ምን ቀረ? ቆየት ብዬ ሳስበው የቀረው ብዙ ነው። ሰውየው የጎንደር በዓታ አለቃ ነበሩ። በዓታ የአቋቋም (በማኅሌት የሚቆምበትና የሚዘመምበት ሥርዐት) ማስመስከሪያ ነው፤ በጨዋታ ብቻ የሚደረስበት ወንበር አይደለም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ እስከ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ግቢ ድረስ ስማቸው ይነሣል። የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ትልቁ ጥፋትም የደረሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚቀርብ ነው፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የሰማው ካልያዘው፣ የያዘው ካልጻፈው፣ ያለቀለት ነገር ነው። ለመያዝም ግእዝ ይጠይቃል። ቀልድ ግን እረኛም ይዞት ይሄዳል። እና የሕይወታቸው ዋና ሥራ እንደ ሙያው ሥርዐት ሲጠፋ፣ በመንገድ ላይ ጣል ያደረጉት (ወይም ጣሉት የተባለው) ተረፈ።

ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ አንድ ሥራ አላቸው፤ የተክሌ አቋቋም። እዚህም ጥርጣሬዬ አለቀቀኝም። የሚነገረው እንዲህ ነው፦ አለቃ ጣና ዳር ሆነው ማዕበሉንና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ደንገል ሲመለከቱ፣ ወደ ጎን ዘንበል ቀና የሚለውን ዝማሜ አወጡ። ታሪኩ ከመጠን በላይ ያምራል፤ ያመረ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። ጣና ዳር የሚኖር ማንም ሰው የሚወዛወዝ ነገር ባየ ቁጥር ደንገል ትዝ ይለዋል። ዝማሜው መጥቶ ምክንያቱ በኋላ ተፈልጎለት ቢሆንስ?

በዐይኔ ልየው ብዬ መጋቢት 5 የአቦ ዕለት ቆምኩ። ቀኑን የመረጥኩት በዐቢይ ጾም ስለሚውል ነው። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል አይነኩም፤ ዜማው፣ መቋሚያውና ሰውነቱ ብቻ ይቀራሉ። ጥቅምት 5 ቢሆን ከበሮው ዐይንንም ጆሮንም ይወስድ ነበር። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ቆመዋል። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ነው፤ መቋሚያው ዘግየት ብሎ ይከተለዋል። አንዱ ጉልበት ላላ ይላል፣ ክብደቱ ወደዚያኛው እግር ይሻገራል፣ የነጠላው ጫፍ ከሁሉም ኋላ ይደርሳል። ከዚያ መልስ። ረድፉ አንድ ላይ ሲያዘነብል ደንገል ይመስላል? ይመስላል። ግን መምሰሉ ማስረጃ እንዳልሆነ ቆሜ እያየሁም አልዘነጋሁትም።

ሲወጡ መሪጌታውን ጠየቅኋቸው፤ የተክሌን የተማሩት ማስመስከሪያው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው።

«የኔታ፣ ደንገሉን አይተው ነው ያወጡት የሚባለው እውነት ነው?»

«እኔን ዓመታት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ጠዋት ሣር አይቶ የሚያወጣ ሰው ካለ፣ ልጄ፣ አምጣልኝና ደቀ መዝሙሩ ልሁን» አሉኝ። ከዚያ ከማን እንደተማሩ፣ መምህራቸው ከማን እንደተማሩ ወደ ኋላ ቆጠሩልኝ። ቆጠራው አለቃ ተክሌ ላይ ቆመ። «ከዚያስ?» ብላቸው፣ «ከዚያማ አባታቸው ናቸዋ!» አሉ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ምን አመጣው በሚል ዐይን እያዩኝ።

ማመን የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ተክሌ የአለቃ ልጅ ናቸው። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አንቀበልም ስላሉ አባት ለልጅ አስተማሩት፤ ልጅየው ደብረ ታቦር ተከሉት፤ በልጅየውም ስም ተጠራ። ይህ ወሬ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ አገር ያወቀው ስም እያለ ማን በልጁ ስም ይጠራው ነበር? ሕዝቡ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ለአባትየው ሲያሸክም፣ ይህን አንድ ሥራ ግን ለልጁ ትቶታል። ለሚያደንቃቸው ሰው የማይመች ነገር ነውና አምነዋለሁ። ደንገሉን እንደ ተንጠለጠለ እተወዋለሁ፤ የጎንደርን እምቢታና የልጁን ስም እይዛለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ወደ ጣልኳቸው ቀልዶች መመለስ ግድ ሆነብኝ። ባለቤት የሌለው ቀልድ ለምን እሳቸው ላይ ብቻ ያርፋል? በዘመናቸው ሌላም ሊቅ ነበረ፤ ሌላም አለቃ ነበረ። ሰው ቀልድ የሚያሸክመው ሊለው ይችላል ብሎ ለሚያምንበት ነው፤ ድርቅ ያለ ሰው ላይ አይለጠፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሐሰት ቀልድ ስለ ንግግራቸው ባይመሰክርም ስለ ሰሚዎቻቸው ይመሰክራል። ሲያዩአቸው ነገር ይጠብቁ ነበር ማለት ነው፤ የሚጠብቁትንም ሳያገኙ አይመለሱም ነበር ይሆናል።

አሁን ከሰሚዎቻቸው ሁሉ የሚያጓጉኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ። ቀልዱ እሳቸውን የሚጠራው ለመተረብ ነው፤ አንዳንዴ መልስ ሰጥተው አለቃን ዝም ሲያሰኙም ይነገራል። እስቲ የወጡን ነገር እንደገና እንየው። ወጡን የሠሩት እሳቸው ናቸው። አለቃ ኩታቸውን ሲያወልቁ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። ነገሩ እውነት ከሆነ ከዚያ ቤት በማን አፍ ወጣ? አለቃ ራሳቸው አውርተውት ይሆናል እንል ይሆናል። እኔ ግን በቤቱ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሲሰሙ የዋሉት፣ ውኃ ሲወርዱም ሆነ ቡና ሲጠጡ ለጎረቤት የሚያጫውቱት ማን እንደሆኑ ሳስብ ወደ ማዘንጊያ አደላለሁ።