ውበት ወይስ ዕድሜ?

ዓምና በክረምት በቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ ተራ ነው፤ በአጥራችን ሥር ባለችው መደብ ምን አበባ ይተከል? የሚል። ታላቅ እኅቴ ከውጭ አገር የመጡ ስድስት የቱሊፕ ሽንኩርቶች አሏት (ሥራቸው ቁርጥ ሽንኩርት ስለሚመስል እንዲህ ልበላቸው)። እናቴ ግን ቀዩ አማሪሊስ ከጎረቤት ተከፍሎ ይምጣ አለች። አንዷ ውበት ትላለች፣ ሌላዋ ዕድሜ። ዳኛው እኔ ሆንሁ።

በመጀመሪያ ለእናቴ ፈረድሁ። ቱሊፕ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የማያቋርጥ ብርድ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ አየር ይህን አይሰጠውም። ብርዱን በመጣበት አገር ጠግቦ ከሆነ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያ በኋላ ቢያበቅል ቅጠል ነው። አማሪሊስ ግን ያለ ብርድ በየዓመቱ ይመለሳል፤ በጎኑም ልጆች ያወጣል።

ታዲያ ሰው የማይቆየውን ለምን ይመኛል? በሆላንድ አገር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1630ዎቹ፣ እጅግ ብርቅ ለሆነው የቱሊፕ ሽንኩርት የአንድ ትልቅ ቤት ዋጋ ይጠየቅ ነበር፤ በ1637 ገበያው በድንገት ወደቀ። ከሁሉ የተወደደው በነጭ ላይ ቀይ ነበልባል የተረጨበት ነው። ያ ነበልባል የቫይረስ በሽታ መሆኑ የታወቀው ግን በ1920ዎቹ ነው። በሽታው አበባውን እያስጌጠ ሽንኩርቱን ያመነምን ነበር። ሰዎቹ በውድ ዋጋ የገዙት ያንኑ ዕድሜውን የሚበላውን ነገር ነው!

እኅቴ ግን በቀላሉ አልተረታችም። «አደይ አበባስ ከመስከረም አልፋ ስንት ቀን ትቆያለች? ከንቱ ናት ልትል ነው?» አለችኝ። አደይ ዘሯን ትታ ትሄዳለች ብዬ መለስሁ፤ ነገር ግን መልሴ እኔንም በሙሉ አላጠገበኝም። ለአንድ ሰሞን ብቻ የሚያስደስት ነገርም ደስታው ሐሰት አይደለም።

ይልቁንም ያሸነፈኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ያው አማሪሊስ ነበረን። አበባው ሲረግፍ፣ ግቢው ለበዓል ይጽዳ ብዬ ለምለም ቅጠሉን ከሥሩ አጨድሁት፤ ባቆጠቆጠ ቁጥርም ደገምሁት። ለመጪው ዓመት አበባ የሚሆነውን ስንቅ ከፀሐይ የሚያበጀው ቅጠሉ መሆኑን አላወቅሁም። በዓመቱ አላበበም፤ ቀጥሎም ሽንኩርቱ ኮሰሰና ጠፋ። እንግዲህ ረጅም ዕድሜ ያለውን መርጠን ተከልን ስንል፣ ዕድሜው ያለው በሽንኩርቱ ብቻ ነውን? አበባው ካለፈ በኋላ የሚጠብቀው ሰውስ? ለእናቴ ስፈርድ ይህን አላሰብሁም ነበር።

በመጨረሻ ከጎረቤት ትልቁንና ሲጨብጡት የጠነከረውን መረጥን፤ ትንሹ ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታልና። አንገቱን ከአፈር በላይ አድርገን ተከልነው። ለቱሊፖቹም አንድ የሸክላ ማሰሮ ተገኘላቸው። አሁን የአማሪሊሱ አበባ ረግፏል፤ ቅጠሉ ረዝሞ በመተላለፊያው ላይ ተጋድሟል፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል። መቀሱን እናቴ ደብቃዋለች።