ጉሩ ማለት ምን ማለት ነው? ቢሉ

ጉሩ። ነጠላ ትርጉሙ ከባድ ማለት ነው። በሳንስክሪት ድንጋዩም ሸክሙም ጉሩ ይባላል፤ ግጥም ሲሰፈር ረዘም ተደርጎ የሚነበበው ክፍለ ቃልም ጉሩ ነው። ተቃራኒው ላጉ፥ ቀላል ማለት ነው። ሰው ስለምን ከባድ ተባለ? ቢሉ፥ ቃሉ መሬት ስለሚይዝ፥ ነፋስ ስለማይወስደው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያደክምም። እኛም የምናከብረውን «ከባድ ሰው ነው» እንላለን፤ የናቅነውን «አቃለልነው» እንላለን፤ ወላጅም ልጁን ከበደ ብሎ ይሰይማል። በዚህ ሒሳብ ጉሩ የሌለው ሰፈር የለም።

ሐተታ። አርባ ምንጭ ተቀምጦ የሕንድን ቃል መተርጎም ምን አመጣው? ቢሉ፥ ሕንዳዊ መምህር ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ በሆነው በአርባ ምንጩ ግቢ የሕንድ መምህራን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከዚያ በፊትም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው አግኝታችሁ ጨዋታ ብትጀምሩ፥ ስለ ሕንዳዊ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህሩ የሚያወራው አያጣም፤ አነጋገራቸውንም አስመስሎ ያሳያችኋል። ታዲያ ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሕንዳዊ መምህር ሁሉ ጉሩ አይደለም፤ ሕንዳዊም ሁሉ ሂንዱ አይደለም።

ሂንዱዎቹ ራሳቸው መምህርን ከመምህር ይለያሉ። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፥ ለኑሮው ሲል ከፊሉን የሚያስተምረውን ኡፓድያያ፥ ሙሉውን ትምህርት የሚሰጠውን አቻርያ ይለዋል፤ ጉሩ የሚለውን ስም ደግሞ የልጁን የሕይወት ሥርዓት ለሚፈጽምለትና ለሚያበላው ያቆየዋል። የዛሬዪቱ ሕንድም ሁለት ቀን አላት። አንደኛው የመምህራን ቀን ነው፤ በእኛ ነሐሴ 30 የሚውለው፥ የፍልስፍና መምህሩና ፕሬዚዳንቱ ሳርቨፓሊ ራዳክሪሽናን የተወለዱበት ዕለት። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 በፕሬዚዳንትነታቸው ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል። ሁለተኛው በሰኔ ወይም በሐምሌ ጨረቃ ስትሞላ የሚከበረው የጉሩ ቀን ነው። ደመወዝ የሚበላው በአንዱ ይመሰገናል፤ እግሩ የሚነካው በሌላው። ይህን ሲሰማ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው የእኛ መምህር ምን እንደሚል አላውቅም።

አንድም ጉሩ ማለት ጨለማን የሚያስወግድ ማለት ነው። ጉ ጨለማ፥ ሩ አስወጋጅ። ሐተታ። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉትም፤ የቃሉ ሥር ክብደት ነው ብለው ይዘጉታል። ሥር ፍለጋ ከሆነ ልክ ናቸው። ምስጢር ፍለጋ ሲሆን ግን ቃል ብዙ በር አለው፤ ይህን ከእኛ የትርጓሜ ቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ላይ ቤትና ታች ቤት በአንድ ንባብ ሲለያዩ ንባቡ አልተጎዳም፤ ሰፋ እንጂ። ሕንድም እንዲሁ ናት። ኡፓኒሻድ በሚባሉት ጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ አባት ለልጁ ደጋግሞ የሚነግረው ሦስት ቃል ብቻ ያለው አነጋገር አለ፤ «ያ አንተ ነህ» የሚል። ከሊቃውንታቸው ሻንካራ ነፍስና አምላክ ፍጹም አንድ ናቸው ማለት ነው አለ። ራማኑጃ እንደ አካልና እንደ ነፍስ በአንድነት የተሳሰሩ ናቸው ማለት ነው አለ። ማድቫ መጣና ፊደሉን ከሌላ ቦታ ቆረጠው፤ አንዲት አሉታ ከቃሉ መጋጠሚያ ፈልቅቆ «አይደለህም» አሰኘው። ከአንድ ገመድ ሦስት ቋጠሮ። ሦስቱም ጉሩ ተብለው ይከበራሉ፤ ደቀ መዛሙርታቸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

አንድም ጉሩ ማለት አጠገቡ የሚቀመጡት ማለት ነው። ኡፓኒሻድ የሚለው ቃል ራሱ ቀርቦ ዝቅ ብሎ መቀመጥን ያሳያል። ተማሪው ማገዶ በእጁ ይዞ ይመጣል፤ በመምህሩ ቤት ያድራል፤ እሳቱን ይጠብቃል፥ ላሞቹን ያግዳል፥ የአጋዘን ቆዳ ለብሶ በትር ይዞ ከደጅ ደጅ እህል ይለምናል። የአጋዘኑን ቆዳ በበግ ደበሎ ለውጡት፥ አኮፋዳ ጨምሩበት፥ የልመናውን ቃል በእንተ ስማ ለማርያም አድርጉት። የኔታ ዘንድ ለቅኔ የወረደ የቆሎ ተማሪ እንጂ ሌላ ሰው አይታያችሁም። የኔታ የሚለው ጥሪም «የእኔ ጌታ» ከማለት የመጣ ነው፤ እዚህም ክብደቱ አለ። ከሁለቱ አገሮች ይህን ማን ከማን እንደወሰደ አልጠይቅም። ትምህርት በቃል ብቻ በሚተላለፍበት ቦታ ሁሉ ተማሪ መምህሩ እግር ሥር ከመክረም ሌላ መንገድ የለውም፤ መጽሐፉ እኮ ሰውዬው ነው።

አንድም ጉሩ ማለት የሚቀበል ማለት ነው፤ አንድም የማይቀበል። የሚቀበለውስ? ቢሉ፥ ሳትያካማ የሚባል ብላቴና ነበረ። መምህር ዘንድ ሄዶ ዘሩን ሲጠየቅ፥ እናቱ አባቱን ለይታ እንደማታውቅ የነገረችውን ሳይሸሽግ ተናገረ። መምህሩ ከእውነት ያልሸሸ ልጅ ነው ብሎ ተቀበለው፤ 400 ከሲታ ላሞች ለይቶ አሰማራው። ልጁም 1,000 ሳይሞሉ አልመለስም ብሎ ዓመታትን በዱር ኖረ። በመመለሻው ያስተማሩት በሬ፥ እሳትና ሁለት ወፎች ናቸው። የማይቀበለውስ? ቢሉ፥ የቀስት መምህሩ ድሮና ነው። የአዳኞች ወገን የሆነው ኤካላቭያ ቀስት አስተምረኝ ቢለው ዘሩን አይቶ ከለከለው። ልጁ የድሮናን ምስል ከጭቃ ሠርቶ በፊቱ ብቻውን ተለማመደ፤ የመምህሩንም ምርጥ ተማሪ አርጁናን በለጠው። ድሮና ይህን ባየ ጊዜ የመምህርነት ዋጋዬን ስጠኝ አለ። ምን? ቢለው፥ የቀኝ እጅህን አውራ ጣት። ልጁም ቆርጦ ሰጠ።

ሐተታ። የጥንቶቹ ተርጓሚዎች በዚህ ታሪክ የተማሪውን ታማኝነት ያደንቃሉ። አንድም ዛሬ በሕንድ ዳሊት የሚባሉት፥ የማይነኩ ተብለው የኖሩት ወገኖች፥ ያልሰጡትን ትምህርት ዋጋ የሚቀበል መምህር ክስ ነው ብለው ያነቡታል። እኔ ከእነዚህ ጋር ነኝ። ከእነርሱ ጋር ስሆን ግን ዓይኔን ወደ ጋሞ ደጋ መመለስ ግድ ይለኛል፤ በዚህም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፥ ማናና ደጋላ እየተባለ፥ ሌላው በሚመክርበት ዱቡሻ እኩል ሳይቀመጥ የኖረበት ዘመን አለ። ሰው የሚበላበትን ሸክላ የሠራ እጅ ከሸንጎው ውጭ ነበረ። ታሪኩን የሕንድ ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አንድም ጉሩ ማለት አባት ማለት ነው። ማኑም የሚለው ይህንኑ ነው። ይህን የፈለገ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ዳገቱን ይውጣ፤ እንሰቱ እየበዛ፥ ጉሙ እየወፈረ ሲሄድ ዶርዜ ይደርሳል። ፊቱ የዝሆን ግንባር በመሰለ ረጅም ቤት አጠገብ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል። ልጁ ከጎኑ ቀሰም ያጠነጥናል። ትምህርት የሚባል ንግግር የለም። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፥ ማጉ ይጠበቃል፥ እግሩ ይረግጣል። ድር ሲበጠስ አባትየው ሥራውን ያቆማል፤ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሻሻል፥ ይቋጥራል፥ በምራቁ ያርሰዋል፥ ይቀጥላል። ልጁ ቀና ብሎ የሚያየው ያችን ጣት ነው። ብዙ ቀሰም ከሞላ በኋላ አንድ ቀን አባቱ ለምሳ ሲነሣ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ያበላሻል፤ አባትየው ሲመለስ ያበላሸውን ይፈታል፤ ልጁ እንደገና ይገባል። ድሮና ከኤካላቭያ የወሰደውን እዚህ አባት ለልጁ ይሰጠዋል፤ አውራ ጣትን።

አንድም ጉሩ ማለት ሁሉ ነገር ማለት ነው። ዳታትሬያ የሚባለው ተቅበዝባዥ መናኝ 24 መምህራን እንዳሉት ተቆጥሮለታል፤ ምድር፥ ንፋስ፥ ውኃ፥ ንብ፥ ዘንዶ፥ ሕፃን፥ አንዲት ጋለሞታ። ሸረሪትም አለችበት፤ ከሆዷ ክር አውጥታ ሸምና መልሳ የምትውጠው። ቀስት ሠሪም አለበት፤ በሥራው ተመስጦ ንጉሥ ከነሠራዊቱ በአጠገቡ ሲያልፍ ያልሰማው። ዳታትሬያ ዶርዜ ቢደርስ ኖሮ ሸረሪቷንና ቀስት ሠሪውን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ባገኛቸው ነበር።

አንድም ጉሩ ማለት በመካከል የሚቆም ማለት ነው። ባጋቫድ ጊታ 18 ምዕራፍ፥ 700 ያህል ስንኝ ነው። ትምህርቱ የተሰጠው በገዳም አይደለም፤ ጦር ሜዳ ላይ ነው። አርጁና ሠረገላውን በሁለቱ ሠራዊት መካከል አቁምልኝ ይላል። ወዲያ ማዶ የሚያያቸው አጎቶቹን፥ ወንድሞቹን፥ ያንኑ ድሮናን ነው። ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ቀስቱን ይጥላል። አምላክ የሚሉት ክሪሽና ያስተምረዋል። ጉሩው የተቀመጠው የት ነው? ቢሉ፥ በሠረገላ ነጂ ቦታ፥ ልጓም ይዞ። የትምህርቱ ፍጻሜስ? ቢሉ፥ አርጁና ቀስቱን ያነሣል።

ሐተታ። ሕንዶች በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። ባል ጋንጋዳር ቲላክ እንግሊዞች በማንዳሌ እስር ቤት አስረውት ሳለ በጊታ ላይ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ታተመ። ነገሩ ሥራ ነው፥ ግዴታን ፈጽሞ ውጤቱን አለመቁጠር ነው አለ። አንድም ጋንዲ ጦር ሜዳው የሰው ልብ ነው፥ ጦርነቱም በበጎና በክፉ ሐሳብ መካከል ነው አለ። ቃሉን እንደ ቆመ ላነበበ ሰው የጋንዲ መንገድ ጥምዝምዝ ይመስላል፤ ደም የለመደ ዘመን ግን ጥምዝምዙን ይፈልገዋል። ሁለቱም ከአንድ ገጽ አነበቡ።

ጋሞ ግን ይህን በመካከል መቆም በሳር ተርጉሞታል። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፥ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቆጥቶ ወጣ። ያዘነ ሰው ነው፤ የሞተበት ሰው ነው። ልበቀል ሲል ምክንያት አላጣም። ከፊቱ የጋሞ አባቶች መጡ። ዱላ አልያዙም፥ ድምፅ ማጉያም አልያዙም። እርጥብ ሳር በእጃቸው ነበረ። በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ተንበርክኮ ሳር የያዘን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ በጋሞ ወግ የለም። ያለፈ ጎሜ ይይዘዋል፤ ጎሜ ከአንድ ሰው በደል ተነሥቶ ቤትንና እርሻን የሚያዳርስ ነገር ነው። ወጣቱ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ።

አሁን ትርጓሜው ይቸግራል። በሕንድ ሥርዓት የሚያጎነብሰው ተማሪው ነው፤ የጉሩን እግር የሚነካው ታናሹ ነው። በአርባ ምንጭ ግን ከባዱ ወደ ቀላሉ ወረደ። ጉሩ ማለት ከባድ ከሆነ ከባድ ነገር ወደ መሬት መውረዱ ልክ ነው የሚል ይኖራል። አንድም ሽማግሌዎቹ ያጎነበሱት ለወጣቱ አይደለም፤ ለወጉ ነው፤ ወጣቱም የቆመው ለእነርሱ ሳይሆን ለወጉ ነው። አንድም በዚያ ሰዓት መምህሩ ወጣቱ ነው፤ እጁ ላይ ያለውን ቁጣ መልሶ የወሰደ እርሱ ነውና። ክሪሽና በመካከል ቆሞ ተነሥ አለ፤ እነዚህ በመካከል ተንበርክከው ተመለስ አሉ። ሁለቱን አጣጥሞ የሚተረጉም ሊቅ ጋንዲ ነበር፤ ቢጠየቅ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ቲላክን የሚጠይቅ ግን ይቀመጥና ያስብ።

አንድም ጉሩው ሳሩ ነው የሚሉ አሉ። የዳታትሬያ ዝርዝር 24 ላይ ያበቃል፤ ሳር የለበትም።